ክሎሮአሴታማይድ በአዮዶአሴታማይድ ቦታ፦ ይሆናል፣ ጓንቱ ግን አይወልቅም

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ ለፕሮቲን ትንተና የምንጠቀምበት አዮዶአሴታማይድ አልቋል፣ መደርደሪያው ላይ ግን ክሎሮአሴታማይድ አለ፤ መተካት ይቻላል ወይ? ለመዋቢያ ቅባት ማቆያነት ሲያገለግል የኖረ ስለሆነስ ያን ያህል መጠንቀቅ ያስፈልጋል? ጠያቂያችን በመጨረሻ፣ እግረ መንገዳቸውን ይመስላል፣ አንድ የሥራ ባልደረባቸውን ጣቶቹን እንደሚያሳክከው ጽፈዋል።

መተካቱን በተመለከተ መልሴ አዎን ነው። እኔ ራሴ ወደ ክሎሮው ከዞርኩ ወዲህ ወደ አዮዶው የምመለስበት ምክንያት አላገኘሁም። «ቅባት ውስጥ የገባ ነገር ምን ያደርጋል» የሚለውን ግን አልቀበልም፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ሁለቱም ውሁዶች የሚሠሩት ሥራ አንድ ነው። ከፕሮቲን መሥሪያ አሚኖ አሲዶች አንዱ የሆነውን የሲስቴይንን ሰልፈር ይይዙና አንዲት አጭር ጭራ ይቀጥሉበታል፤ ድልድይ በሚበጥሱት ኬሚካሎች በዲቲቲ (DTT) ወይም በቲሴፕ (TCEP) የተበጠሰው፣ ሁለት ሲስቴይኖችን ያያያዘ የሰልፈር ድልድይም ተመልሶ አይገጥምም። የሚቀጠለው ጭራ በሁለቱም ዘንድ ያው ስለሆነ የክብደት ጭማሪው ያው 57.021 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ነው። ስለዚህ ፕሮቲኖቹን በክብደታቸው በሚለየው የፍለጋ ሶፍትዌር ላይ የምትቀይሩት ነገር የለም፤ «ካርባሚዶሜቲል» ተብሎ የተሞላው እንዳለ ይቀመጥ። ልዩነቱ የሚለቀቀው ሃሎጅን ላይ ነው። አዮዲን በቀላሉ ስለሚላቀቅ አዮዶአሴታማይድ ፈጣን ነው፣ ግን ያገኘውን ሁሉ ይነካል፤ ሲስቴይኑን ጨርሶ ትርፍ ሲኖረው ወደ ሌሎች አሚኖ አሲዶች፣ ወደ ላይሲንና ወደ ሜታዮኒን፣ ወደ ሰንሰለቱ መነሻ ጫፍ ይዞራል። ክሎሪን ጠበቅ ብሎ የተያዘ በመሆኑ ክሎሮአሴታማይድ ዘገምተኛና መራጭ ነው።

ይህ መራጭነት ቅንጦት አይደለም። ዩቢኪቲን (ሌሎች ፕሮቲኖች ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ፕሮቲን) የተጣበቀበትን ላይሲን የምንለየው ትሪፕሲን የተባለው ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም ከቆረጠው በኋላ እዚያው በሚቀሩት ሁለት ግላይሲኖች ነው፤ ጭማሪያቸው 114.043 ዳልተን። አንድ ላይሲን ላይ ሁለት ጊዜ የተቀጠለ የአዮዶአሴታማይድ ጭራም የሚጨምረው ያንኑ 114.043 ነው። መቀራረብ ብቻ ቢሆን ጥሩ መሣሪያ ይለየው ነበር። እዚህ ግን አቶሞቹ ራሳቸው አንድ ናቸው፦ አራት ካርቦን፣ ስድስት ሃይድሮጅን፣ ሁለት ናይትሮጅን፣ ሁለት ኦክስጅን። የትኛውም ማስ ስፔክትሮሜትር (የሞለኪውሎችን ክብደት የሚለካ መሣሪያ) በክብደት ብቻ አይለያቸውም። ጉዳዩ በ2008 እ.ኤ.አ. ታትሞ ከወጣ ወዲህ ዩቢኪቲን የሚያጠኑ ሰዎች ክሎሮአሴታማይድን መምረጣቸው የተለመደ ነው።

አሁን ወደ ሚዛኑ። የአዮዶአሴታማይድ ሞለኪውላዊ ክብደት 185 ገደማ ሲሆን የክሎሮአሴታማይድ 93.5 ነው። ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የድሮ መመሪያ ተከትሎ ያንኑ ሚሊግራም የሚመዝን ሰው ሳያውቀው ሁለት እጥፍ ሊጠጋ የሚችል መጠን ይጨምራል። መራጭ ነው ያልነውን ነገር በገዛ እጃችን አበዛነው ማለት ነው። እኔ 374 ሚሊግራም በ10 ሚሊሊትር ውኃ አሟሙቼ 400 ሚሊሞላር አዘጋጃለሁ፤ ከናሙናው ጋር አንድ አሥረኛ ሲገባ 40 ሚሊሞላር ይሆናል። ሙሙቱን በየዕለቱ አዲስ መሥራት ይሻላል።

ትልቁ ምቾት ከቲሴፕ ጋር አብሮ መግባቱ ነው። ቲሴፕ 10 ሚሊሞላር፣ ክሎሮአሴታማይድ 40 ሚሊሞላር፣ ፒኤች ከ8 እስከ 8.5፣ በ95 ዲግሪ ሴልሲየስ ለ10 ደቂቃ፤ ድልድዩ መበጠሱም ጭራው መቀጠሉም በአንድ ጊዜ ያልቃል። ቲሴፕ በሃይድሮክሎራይድ ጨውነት ሲመጣ ሙሙቱ ጠንካራ አሲድ ነው፤ ሳታስተካክሉ ካስገባችሁት የናሙናውን ፒኤች ይጥለዋል፣ ክሎሮአሴታማይዱም እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ከጨመራችሁ በኋላ አንዲት ጠብታ በፒኤች ወረቀት እዩ። ዲቲቲን ግን አብራችሁ አታስገቡ፤ የራሱ ሰልፈሮች ስላሉት ክሎሮአሴታማይዱን ይበላዋል። መጀመሪያ ዲቲቲው ይሥራ፣ ከዚያ ክሎሮአሴታማይዱ በበቂ ትርፍ ይግባ። ናሙናው ዩሪያ ካለበት ደግሞ ማሞቅ ፈጽሞ ቀርቶ በክፍል ሙቀት ለ30 ደቂቃ ይቆይ። ዩሪያ ሲሞቅ ሳያኔት ይወጣዋል፤ ሳያኔቱም ላይሲን ላይ ሌላ የ43 ዳልተን ጣጣ ይለጥፋል።

ጨለማ አያስፈልግም። አዮዶአሴታማይድ ብርሃን ሲያገኘው አዮዲን እየለቀቀ ቢጫ ይሆናል፤ መበላሸቱን በዓይን ታዩታላችሁ። ክሎሮአሴታማይድ ነጭ ክሪስታል ነው፣ ነጭ ሆኖም ይቆያል። ሰው የሚዘናጋበትም ለዚህ ይመስለኛል፤ መልኩ ከስኳር አይለይም።

የማቆያው ነገር እንግዲህ እዚህ ላይ ይገባል። ክሎሮአሴታማይድ ቅባቱን ከባክቴሪያና ከሻጋታ የሚጠብቀው በእናንተ ቱቦ ውስጥ በሚሠራው በዚያው አጸግብሮት ነው፦ የተሐዋስያኑን ኢንዛይሞች ሰልፈር ይይዛል፣ ኢንዛይሙም ይሞታል። የእኛ ቆዳ ፕሮቲንም ሲስቴይን አለው። ውሁዱ ከዚያ ጋር ሲጣበቅ የሰውነት መከላከያ እንደ ባዕድ ሊቆጥረው ይችላል፤ አንዴ ከቆጠረው ደግሞ ከዚያ በኋላ ጥቂቱም ይበቃል። በአውሮፓ ኅብረት በመዋቢያዎች ውስጥ እስከ 0.3 በመቶ ተፈቅዶ፣ መያዣውም ላይ ስሙ በግልጽ እንዲጻፍ ታዝዞ ነበር። ኋላ ላይ ጨርሶ ተከልክሏል። የቆዳ ሐኪሞች አለርጂውን ለመፈተሽ የሚለጥፉት ዝግጅት 0.2 በመቶ ነው። ማለትም ቅባት ውስጥ ይፈቀድ የነበረው ጣሪያ አለርጂ ያለበትን ሰው ቆዳ ለማስቆጣት ከሚመረጠው መጠን ይበልጥ ነበር። ከመዋቢያ ሌላ በሙጫ፣ በቀለም፣ በቆዳ ማልፊያና በብረት መቁረጫ ማቀዝቀዣ ፈሳሾችም ማቆያ ሆኖ ያገለግላል።

ጠርሙሳችሁ ውስጥ ያለው ደግሞ ንጹሑ ዱቄት ነው። ቢዋጥ መርዝ ነው፤ የመራባት አቅምን ይጎዳል ተብሎም በጥርጣሬ ተመድቧል። አየር በሚስብ ሳጥን ውስጥ፣ በናይትራይል ጓንት መዝኑ። ጓንቱ ላይ ጠብ ካለ ወዲያው ቀይሩት፤ በዚያው ጓንት የበር እጀታና የኮምፒውተር ቁልፍ አትንኩ። የሚዛኑን ዙሪያ በእርጥብ ወረቀት ጥረጉ፤ በብሩሽ መጥረግ ዱቄቱን ማስነሣት ነው። የተረፈውን ሙሙት በትርፍ ዲቲቲ አክሽፋችሁ ሃሎጅን ካለባቸው ቆሻሻዎች ጋር አስቀምጡ፤ ገንዳ ውስጥ አይፈስም።

በነገራችን ላይ፣ ስለ «ክሎሮአሴታማይዶች» ስትፈልጉ አላክሎርና ሜቶላክሎር የሚባሉ የአረም ማጥፊያዎች ቢመጡላችሁ ግር አይበላችሁ። ያንኑ ክሎሪን ተሸካሚ ጫፍ የያዙ ሌሎች ውሁዶች ናቸው።

ባልደረባችሁን በተመለከተ ከቱቦው ራቅ ብሎ ወደ ቆዳ ሐኪም ይሂድ። «በኬሚካል እሠራለሁ» ብሎ ብቻ እንዳይመለስ፤ ከጠርሙሱ ላይ ስሙን ቀድቶ ይውሰድ፣ የአዮዶአሴታማይዱንም ጭምር፣ ጓንቱ ከምን እንደተሠራም ይንገር። የፍተሻ ዝርዝሩ የሚመረጠው ሐኪሙ በሚሰማው ነገር ነው፤ ካልነገሩት ይህ ውሁድ ሳይለጠፍ ሊቀር ይችላል።