ግመሎቹ እኛ ጋ ሊያድሩ ነው፣ ሥራውን ልተወው?

ሰላም እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ለሌሎች አንባቢዎች ባጭሩ ላስቀምጠው። በሒሳብ አያያዝ ተመርቀሻል። ከተማ ካለ አንድ ድርጅት የቅጥር ደብዳቤ ደርሶሻል፤ መልስ የምትሰጪበት ቀንም ቀርቧል። በዚሁ መሃል ተጓዦችን በግመል የሚወስድ አንድ አስጎብኚ የቤተሰቦችሽን የገጠር ይዞታ አይቶ ወዶታል። በእያንዳንዱ ጉዞ አንድ ሌሊት እናንተ ጋ ማደር ይፈልጋል። ስምንት ግመል፣ ሦስት ግመል ነጂ፣ ጥቂት ተጓዦች። አንቺ ደስ ብሎሻል። እናትሽ ግን ፈርተዋል፤ «በመኪና ዘመን ግመል ምን ሥራ ይሆናል?» ብለዋል። ጥያቄሽ ቅጥሩን ትቼ እዚህ ላይ ልሥራ ወይ ነው።

ቁርጡን ላስቀድም። ቅጥሩን አትተዪው። ግመሎቹንም አትመልሻቸው።

የግመል ጉዞ የወቅት ሥራ ነው። በህንዷ ራጃስታንም ሆነ በሞሮኮ ሰሃራ፣ በአውስትራሊያም ጭምር፣ ጉዞው የሚደራው በቀዝቃዛዎቹ ወራት ነው። ሙቀቱ ሲያይል ግመሉ ቢችለው እንኳ ተጓዡ አይችለውም። ስለዚህ አስጎብኚውን መጀመሪያ የምትጠይቂው «ስንት ትከፍላላችሁ?» ብለሽ አይደለም። በዓመት ስንት ሌሊት ያድራሉ? ከየትኛው ወር እስከ የትኛው? ጉዞ ቢሰረዝ ለናንተ የሚነገራችሁ መቼ ነው? የሌሊቶቹን ቁጥር በአንድ ሌሊት ክፍያ አባዢና ከዓመት ደመወዝሽ ጎን አስቀምጪው። ለሒሳብ ባለሙያ ከዚህ በላይ ማብራራት ድፍረት ይሆንብኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ስለ ተጓዦቹ ብዙ ጽፈሻል። ስለ መኝታቸው፣ ስለ መታጠቢያቸው፣ ፎቶ ስለሚነሱበት ጉብታ ሳይቀር። ስለ ግመል ነጂዎቹ ግን አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው፦ «እነሱ ከግመሎቹ ጋር ውጭ ያድራሉ።» እዚህ ላይ አልስማማም። ተጓዡ አንዴ መጥቶ ይሄዳል፤ ምናልባት ዕድሜ ልኩን አይመለስም። ነጂው ግን በየጉዞው ይመለሳል። ውሃው መቆራረጡን፣ አጥሩ መላላቱን፣ ሰው እንዴት እንደተቀበለው የሚያውቀው እሱ ነው። አስጎብኚው በሚቀጥለው ዓመት የት እንደር ብሎ ሲያስብ ቀድሞ የሚጠይቀው እሱን ነው። እውነተኛው ደንበኛሽ ነጂው ነው ብለሽ ተነሺ።

ውሎውን አስቢው። ጎህ ሳይቀድ ይነሳል። ሌሊት ራቅ ያሉትን ግመሎች ይሰበስባል፣ ጀርባቸውን እየዳሰሰ ያበጠ ወይም የተላጠ ቦታ ይፈልጋል፣ ኮርቻ ያስራል፣ ጓዝ ያመዛዝናል። የግራና የቀኙ ጭነት እኩል ካልሆነ ኮርቻው ይዞራል፣ ጀርባ ይቆስላል፤ የቆሰለ ግመል ደግሞ አይጫንም። ከዚያ በሰዓት 4 ወይም 5 ኪሎ ሜትር እያለ ቀኑን በእግሩ ይውላል። እናንተ ጋ ሲደርስ ተጓዡ ጫማውን አውልቆ ይዘረጋል። የነጂው የማታ ሥራ ግን ገና መጀመሩ ነው። ያራግፋል፣ ያጠጣል፣ ያሰማራል፣ መልሶ ያስራል።

ለዚህ ሰው የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ንፋስ የማያገኘው፣ ተኝቶ ግመሎቹን ማየት የሚችልበት ማደሪያ። ሙቅ ውሃ። ስልኩን ቻርጅ የሚያደርግበት ሶኬት። ኮርቻውንና ምንጣፉን ከጤዛና ከዝናብ የሚያስጠጋበት ጣሪያ፣ ምክንያቱም የረጠበ ምንጣፍ በማግስቱ ጀርባ ይልጣል። ምግብም ከተጓዦቹ እኩል ይቅረብለት፤ የእነሱን ትራፊ አይጠብቅ። ከሁሉም በላይ ግቢው ውስጥ ስለ ግመሎቹ የመጨረሻው ቃል የእሱ ይሁን። የትኛው የት እንደሚታሰር፣ ማን እንደሚነካቸው፣ ምን እንደሚበሉ እሱ ይወስን።

ይሄ የመጨረሻው ነጥብ ቀልድ አይደለም። ለዶሮና ለከብት በሚዘጋጅ መኖ ውስጥ ሞኔንሲን ወይም ሳሊኖማይሲን የሚባል መድኃኒት ሊኖር ይችላል። ለዶሮው ይጠቅማል፤ ግመልን ግን ይገድላል። እንግዳ አከብራለሁ ብለሽ ማታ ከመጋዘን አንድ ባልዲ መኖ ብታወጪላቸው ጠዋት ምን እንደሚገጥምሽ አይታወቅም። ነጂው ሳይፈቅድ ምንም አትስጪ።

ግቢውንም በእሱ ዓይን ዙሪው። ግመል እንደ ላም ሣር ላይ አጎንብሶ አይውልም። ከዛፍና ከቁጥቋጦ እየቀነጠበ ነው የሚበላው፤ አንገቱን ሲዘረጋ ሦስት ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ቅርንጫፍ ይደርስበታል። እናትሽ የሚሳሱለት ዛፍ ካለ ግመሎቹ ከሚታሰሩበት ራቅ ያለ መሆኑን አረጋግጪ። ለጌጥ የሚተከለው ኦሊአንደር ካለ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። ቅጠሉ ልብን የሚያቆም መርዝ ነው፤ ጥቂቱም ይበቃል። የተቆረጠው ሲደርቅም መርዙ አይጠፋም፤ ስለዚህ ቆርጠሽ እዚያው እንዳትከምሪው።

ውሃው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ግመል ቀዝቃዛ ወቅት ላይ እርጥብ ቅጠል ካገኘ ለቀናት ላይጠጣ ይችላል። በጣም የተጠማ ግመል ግን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ 100 ሊትር ገደማ ሊጨልጥ ይችላል። አንቺ መዘጋጀት ያለብሽ ለተጠሙት ነው። ዛሬ ቧንቧውን ክፈቺና 20 ሊትር ጀሪካን በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ ያዢ። አምስት ደቂቃ ከፈጀ፣ ለስምንት ግመል 800 ሊትር ለማግኘት ከሦስት ሰዓት በላይ ቧንቧ ስር ትቆሚያለሽ። ነጂው ያን ሁሉ ሰዓት አብሮሽ ይቆማል፤ ለዚያውም ቀኑን ሙሉ ሲሄድ ውሎ። መፍትሔው ቀላል ነው። ከመምጣታቸው በፊት በነበረው ቀን ታንከሩን ሙዪ።

ገንዳው የሚቀመጥበት መሬትም ያሳስበኛል። የግመል እግር ሰፊና ለስላሳ ነው፤ አሸዋ ላይ አይሰምጥም። እርጥብ ሸክላ አፈር ግን እንደ ሳሙና ያንሸራትተዋል። እግሮቹ ግራና ቀኝ ከተበለቀጡ፣ ይሄ 500 ኪሎ የሚመዝን እንስሳ ዳግም በእግሩ ላይቆም ይችላል። በገንዳው ዙሪያ ጠጠር ወይም አሸዋ አፍሺበት። የሚፈሰው ውሃ ወደ መተላለፊያው ሳይሆን ወደ ሌላ ጎን ይውረድ።

ከዚህ በኋላ ያሉትን በፍጥነት ልለፋቸው። የላላ እሾሃማ ሽቦ ይነሳ ወይም ይወጠር። በሩ ጓዝ የጫነ ግመል ሳይነካ የሚያልፍበት ስፋት ይኑረው። አውራ ግመል ይዘው ይመጡ እንደሆነ ጠይቂ። በቀዝቃዛው ወራት፣ ማለትም ጉዞው በሚደራበት ሰዓት፣ አውራው ለመራባት ይነሳሳል፤ አረፋ ይደፍቃል፣ ሰው ይነክሳል። ልምድ ያላቸው አስጎብኚዎች በአብዛኛው የተኮላሹትን ነው የሚያሰልፉት። አውራ ካለ ለብቻው፣ ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ ይታሰር።

ጤና ላይ ደግሞ ቸል አትበዪ። አስጎብኚው የእንስሳቱን የጤና ማስረጃ ያምጣ። እከክ በመነካካትና በጋራ ዕቃ ይተላለፋል፤ ሱራ የሚባለውን በሽታ ደግሞ ተናካሽ ዝንቦች ያዛምቱታል። የናንተ ከብቶችና እንግዶቹ በአንድ ገንዳ አይጠጡ፣ በአንድ በረት አይደሩ። ያልፈላ የግመል ወተት ለተጓዥ አይቅረብ፤ ብሩሴሎሲስ የተባለው በሽታ ከሚተላለፍባቸው መንገዶች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታወቀው መርስ የተባለው የመተንፈሻ በሽታም ከግመል ወደ ሰው እንደሚተላለፍ ተረጋግጧል። ይሄ ለማስፈራራት አይደለም። ከግመል ጋር ከተነካኩ በኋላ እጅ መታጠብና የሚያስነጥሰውን መራቅ ብዙውን ነገር ይቀንሰዋል። ፋንድያቸውንም አንድ ቦታ ሰብስቢው፤ ከሌላ አካባቢ የመጣ የአረም ዘር ሊኖረው ይችላል።

ጎረቤት ቀድሞ ይወቅ። «ግመል ሰርቆ አጎንብሶ» እንደሚባለው፣ ይሄ ተደብቆ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ስምንት ግመል ተሰልፎ ሲመጣ አገር ያየዋል። ግመል የማያውቅ ፈረስ ደግሞ ሽታው ብቻ ያስደነብረዋል፤ የጎረቤት ፈረስ አጥር ጥሶ ቢወጣ ጥፋቱ ወደናንተ ይመጣል። ውሾቻችሁም ሌሊቱን ይታሰሩ። «ውሾቹ ይጮሃሉ፣ ግመሎቹ ይሄዳሉ» የሚለው መንገድ ላይ ነው። እግሩ በገመድ ተይዞ የተኛ ግመል ደንብሮ ሲነሳ ራሱን ይጎዳል።

ይሄን ሁሉ ዘርዝሬ «ታዲያ የኔ ሙያ የቱ ጋ ነው?» ትይ ይሆናል። እናትሽ ለጠየቁት ልመልስ። ግመል ያለፈበት ነገር አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. 2024ን ዓለም አቀፍ የግመል ዝርያዎች ዓመት ብሎ ሰይሞት ነበር። ስያሜ ደመወዝ እንደማይከፍል ግን እኔም አውቃለሁ። በዚህ ሥራ ውስጥ ነጂ አለ፣ የእንስሳት ሐኪም አለ፣ መሪ አስጎብኚ አለ። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ወረቀቱን የሚይዝ ሰው ነው። የማደሪያ ውል፣ የየሌሊቱ ወጪ፣ ደረሰኝ፣ የጉዞ መርሐ ግብር፣ ከባለ መሬቶች ጋር ያለው ሒሳብ። እሱ ደግሞ የተማርሽው ነው። አንድ ወቅት በደንብ ካስተናገድሻቸው በኋላ «በመስመሩ ላይ ያሉትን ማደሪያዎች ሁሉ ላስተባብርላችሁ» ብለሽ ብትቀርቢ የምታወሪበት ማስረጃ ይኖርሻል። ዛሬ ግን የለሽም።

ውሉን አንቺ ጻፊው፤ እነሱ የሚያመጡትን ብቻ አንብበሽ አትፈርሚ። ዛፍ ቢበላ፣ አጥር ቢሰበር፣ ግመል ቢጠፋ ወይም ሰው ቢነክስ ማን እንደሚከፍል ይለይ። እሳት የት እንደሚነድ፣ ስንት ሰው ከፍተኛው እንደሆነ ይጻፍ። ኢንሹራንስ ካላችሁም ኩባንያውን ጠይቂ። ለቤተሰብ መኖሪያ የተገባ ውል፣ እየከፈለ የሚያድር እንግዳንና የሰው እንስሳን ላይሸፍን ይችላል። የጠየቅሽውን በስልክ ብቻ አትቀበዪ፤ በጽሑፍ ይስጡሽ። አካባቢያችሁ ያለው የእንስሳት ጤና ቢሮም የሚጠይቀው ፈቃድ ካለ ከመጀመሪያው ሌሊት በፊት ይጠናቀቅ።

ለእናትሽ ደግሞ አንድ ሐሳብ ይዘሽ ግቢ። የዓመት ውል ሳይሆን አንድ የሙከራ ሌሊት። ከተቻለ ተጓዥ ሳይኖር፣ ነጂዎቹና ግመሎቹ ብቻ። እሳቸው ራሳቸው ዋናውን ነጂ ያነጋግሩት፣ ግቢውን ያዙሩት። ጠዋት ሲሄዱ «ምን ጎደለ?» ብላችሁ ጠይቁት። ይሉኝታ ይዞት «ምንም» ካለ፣ «ሌሎች ማደሪያዎች ያላቸው እኛ የሌለን ምንድን ነው?» በሉት። ያን ጊዜ ይናገራል።

ለቀጣሪው መልስሽን ቀኑ ሳያልፍ ስጪ። ከመፈረምሽ በፊት ግን የዓመት ፈቃዱ ስንት ቀን እንደሆነ፣ አንድ አንድ ቀን ተከፋፍሎ መውሰድ ይቻል እንደሆነ ጠይቂያቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሌሊቶች ላይ አንቺ እዚያ መገኘት አለብሽ።