ቫይታሚን ልዋጥ ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ በየቅዳሜው እንጦጦ ላይ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ እሮጣለሁ። ጓደኛዬ «ሰውነትህ ከውስጥ እየዛገ ነው» ብሎ የቫይታሚን ሲ ክኒን ሰጠኝ። ልዋጠው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጓደኛህ አጋነነው እንጂ ከመሬት ተነስቶ አላወራም። ስትሮጥ ጡንቻህ ውስጥ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ፣ ያገኙትን ሁሉ የሚጎዱ ሞለኪውሎች ይፈጠራሉ፤ ሩጫው ሲረዝም ሰውነት ከሚያጠፋው በላይ ይበዛሉ፣ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ የሚሉት ይሄንኑ ነው። ግን ጡንቻህ መከላከያውን እንዲያጠናክር የሚቀሰቅሱትም እነሱው ናቸው! የቫይታሚን ሲ ክኒን ደግሞ እነሱን ስለሚያጠፋ ይሄን ቅስቀሳ ሊያዳክመው ይችላል። የጀርመን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፣ በቀን 1000 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ ከቫይታሚን ኢ ጋር የወሰዱት ሰዎች ስፖርቱ የደም ስኳርን ለሚቆጣጠረው ሆርሞን፣ ለኢንሱሊን፣ አሠራር የሚሰጠውን ጥቅም አላገኙም። ስለዚህ ክኒኑን ተወው፣ ብርቱካንና ጎመን ይበቃሃል። እሁድ እግርህን አሳርፈው። ከሩጫ በኋላ ሽንትህ እንደ ሻይ ከጠቆረ ግን ዛሬ ነገ ሳትል ሐኪም ጋ ሂድ።