መልስ፦ የበረንዳ ውሃ መውረጃ ሲደፈን

እህቴ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር በረንዳሽ ላይ ውሃ ተኝቶ ሳሎን የሚገባብሽ ከሆነ፣ እባክሽ አሲድ አትድፊ። በተለይ በረኪና ካለበት ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

መጀመሪያ ክዳኑን አንሺና ጓንት አድርገሽ ቆሻሻውን በእጅሽ አውጪው። ባለፈው ሐምሌ ከእኔ ኮንዶሚኒየም የወጣው የአበባ አፈር፣ ፀጉርና የቡና አተላ ተጋግሮ እንደ ጡብ የደረቀ ነበር። ለቀረው ቆሻሻ ደግሞ የሽቦ ጫፍ ቆልምመሽ እያሽከረከርሽ ወደ ራስሽ ሳቢ። ወደ ውስጥ ከገፋሽው ቱቦው የሚታጠፍበት ላይ ይወተፋል። ከዚያ ሞቅ ያለ እንጂ የፈላ ውሃ አትልቀቂበት፤ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል።

ሰኔ ሳይገባ ወንፊት አድርጊበት፣ ስትጠርጊም አፈሩን እፈሺው እንጂ ወደ ቀዳዳው አትግፊው። ከታች ወደ ላይ ውሃ ከገነፈለ ግን የተደፈነው የጋራው ቱቦ ነው፣ ለኮሚቴው ንገሪ።