ኪኑዋ ለስኳር ሕመምተኛ እንጀራን ይተካል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። እናቴ 63 ዓመቷ ነው፤ ዓይነት ሁለት ስኳር ከተገኘባት 9 ዓመት ሆኗታል። ጠዋትና ማታ ሜትፎርሚንና ግሊፒዛይድ ትወስዳለች። ከአንድ ወር በፊት ጎረቤታችን «ኪኑዋ ስኳር ያወርዳል» ስላለቻት እንጀራ ጨርሳ ትታ ቁርሱም ምሳውም እራቱም ኪኑዋ ሆነ። እውነትም ስኳሯ ቀንሷል። ግን ከሰዓት በኋላ ያልባታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ በትንሽ በትልቁ ትቆጣለች። ሆዷንም ይነፋታል፤ «ይመራል» እያለችም ነው የምትበላው። አጽዋማትን ሁሉ ስለምትጾም ፕሮቲን ያለው እህል ማግኘቷ ደስ ብሎኝ ነበር። ትቀጥል ወይስ ታቁም? ኪኑዋስ እውነት ከጤፍ ይሻላል?

መልስ፦ ከኪኑዋው በፊት ላቡና መንቀጥቀጡ ይቅደም። ግሊፒዛይድ የሚወስድ ሰው ሲያልበው፣ እጁ ሲንቀጠቀጥና ያለ ምክንያት ሲቆጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የደም ስኳር ከልክ በታች መውረዱ ነው። ምልክቱ ሲመጣ ወዲያው ጣታቸውን ወግተው ይለኩላቸው። ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ 15 ግራም ያህል ፈጣን ስኳር ይስጧቸው፦ ግማሽ ኩባያ (120 ሚሊ ሊትር) የብርቱካን ጭማቂ፣ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው፣ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ፤ አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ይድገሙላቸው። መለኪያው አጠገብዎ ከሌለ እሱን ፍለጋ አይቆዩ፤ ስኳሩን ይስጡ። ቸኮሌት ለዚህ ሰዓት አይሆንም፣ ስቡ ስኳሩን ያዘገየዋል። ራሳቸውን ከሳቱ ወይም መዋጥ ካቃታቸው በአፋቸው ምንም ሳያደርጉ 911 ይደውሉ።

ይህ የሆነው ኪኑዋ ስኳር የሚያወርድ መድኃኒት ስለሆነ አይደለም። ሒሳቡ እንዲህ ነው። የእንጀራ ክብደት ሲሶ ገደማው ካርቦሃይድሬት፣ ማለትም ሲፈጭ ወደ ደም ስኳር የሚለወጠው የምግብ ክፍል ነው፤ 300 ግራም የሚመዝን አንድ ሙሉ እንጀራ 100 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ይዟል ማለት ነው። አንድ ኩባያ የበሰለ ኪኑዋ (185 ግራም) ግን 39 ግራም ብቻ ነው ያለው። እናትዎ በእያንዳንዱ ማዕድ የሚበሉትን ካርቦሃይድሬት ከግማሽ በላይ ቀንሰውት ሊሆን ይችላል፤ ግሊፒዛይዱ ግን ያው ነው። ይህ መድኃኒት ምግብ ቢኖርም ባይኖርም ቆሽትን ኢንሱሊን አውጣ እያለ ይገፋል። ሜትፎርሚን ብቻውን እንዲህ ያለ መውረድ እምብዛም አያመጣም፤ ችግሩ ያለው በግሊፒዛይዱ በኩል ነው። ግሊቤንክላሚድ፣ ግሊሜፒራይድ ወይም ኢንሱሊን ለሚወስዱም ነገሩ አንድ ነው፤ እንጀራን በድንገት መተው መድኃኒትን በድንገት ከመጨመር አይለይም።

ስለዚህ ነገ ዛሬ ሳይሉ ለሐኪማቸው ይደውሉና የለካችሁትን ቁጥር ከነሰዓቱ ይንገሩ። መጠኑ መቀነስ ይኖርበት ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ጥሩ ዜና ነው። ክኒኑን በራሳችሁ አታቁሙ፣ ሐኪሙ እስኪመልስ ድረስም ማዕድ አይዝለሉ። ግሊፒዛይድ ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት የሚወሰድ ክኒን ነው፤ ጠዋት ውጠውት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ከኪኑዋው ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው። የጾም ወራት ከመግባቱ በፊት የክኒኑ ሰዓትና መጠን ከሐኪማቸው ጋር መስተካከል አለበት።

አሁን ወደ ኪኑዋ። አገሩ የአንዲስ ተራሮች ነው፤ በተለይ የፔሩና የቦሊቪያ ደጋ፣ በቲቲካካ ሐይቅ ዙሪያ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 2013ን የኪኑዋ ዓመት ብሎ ከሰየመው ወዲህ ዝናው በዓለም ይበልጥ ናኘ። በዘሩ ከስንዴና ከገብስ ወገን አይደለም፤ ቤተሰቡ ከቆስጣና ከቀይ ሥር ጋር ነው። ግሉተን የሚባለው የስንዴና የገብስ ፕሮቲን ስለሌለው ለሴሊያክ ሕመምተኞች፣ ማለትም ግሉተን አንጀታቸውን ለሚጎዳባቸው ሰዎች፣ ይስማማል፤ በወፍጮና በማሸጊያ ቦታ ከስንዴ ጋር እንዳይነካካ ግን ከግሉተን ነፃ የሚል ምልክት ያለውን መግዛት ያስፈልጋል።

ለስኳር ሕመምተኛ የሚረዳው ከምን ጋር ሲወዳደር ነው? ከነጭ ሩዝ ጋር ከሆነ በእርግጥ ይበልጣል፦ አንድ ኩባያ የበሰለ ነጭ ሩዝ 45 ግራም ካርቦሃይድሬትና ከ1 ግራም ያነሰ አሰር (ፋይበር) ሲኖረው፣ ኪኑዋው 5 ግራም አሰርና 8 ግራም ፕሮቲን አለው፤ የደም ስኳርንም ቀስ አድርጎ ነው የሚያነሣው። 118 ሚሊ ግራም ማግኒዚየም ስለሚሰጥም እወደዋለሁ።

ከጤፍ ጋር ሲመዛዘን ግን የጎረቤትዎ ምክር ይላላል። ባልበሰለ 100 ግራም ስንለካቸው ኪኑዋ 14 ግራም ፕሮቲን፣ 7 ግራም አሰር፣ 64 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው፤ ጤፍ 13 ግራም ፕሮቲን፣ 8 ግራም አሰር፣ 73 ግራም ካርቦሃይድሬት። በካልሲየም ጤፍ አራት እጥፍ ገደማ ይበልጣል፣ 180 ሚሊ ግራም በ47። በብረትም ጤፍ ይመራል፤ ከብረቱ ከፊሉ ግን በአውድማ ሲወቃ ከአፈር የሚገባ በመሆኑ ሰውነት በደንብ አይጠቀምበትም። ኪኑዋ የሚበልጠው በላይሲን ነው፤ ይህ አካላችን ራሱ ሊሠራው የማይችለው፣ በአብዛኛው እህል ውስጥ የሚያንስ የፕሮቲን ክፍል ነው። ነገር ግን ሽሮና ምስር ላይሲን የሞላቸው ናቸው። ሽሮ በእንጀራ የበላ ሰው ያንን ጉድለት ሞልቷል።

ስለዚህ ጤፍ ጠላት አይደለም። እንጀራን ከባድ የሚያደርገው ብዛቱ ነው፤ በገበታ ላይ ከሥርም ይነጠፋል፣ በጎንም ይጨመራል፣ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም። ሌላው ደግሞ በውጭ አገር ሱቆች የሚሸጠው እንጀራ ብዙ ጊዜ የስንዴ ወይም የገብስ ዱቄት የተቀላቀለበት መሆኑ ነው። ማሸጊያው ላይ ያለውን ያንብቡ፤ ጋጋሪዋንም ይጠይቁ።

መጠኑን በሳህን መለካት ይቀላል። 23 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሳህን ይውሰዱ። ግማሹን ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ጥቅል ጎመን ወይም ሰላጣ፣ ሩቡን ፕሮቲን፣ የቀረውን ሩብ ኪኑዋ ወይም እንጀራ። በግራም ለሚቆጥር ለብዙ ሴቶች በአንድ ማዕድ ከ30 እስከ 45 ግራም ካርቦሃይድሬት ጥሩ መነሻ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ወጡን ሳይቆጥር ነው፦ ግማሽ ኩባያ የበሰለ ምስር ራሱ 20 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው፣ ድንችም አለው። አንድ ኩባያ ኪኑዋ በምስር ወጥና በድንች ከበሉ «ጤናማ ምግብ» ተብሎ የተጫነ ሙሉ ሸክም ነው።

የትኛው እንደሚስማማቸው የእናትዎ ጣት ራሱ ይነግራችኋል። መድኃኒቱ ከተስተካከለ በኋላ አንድ ቀን ሁለት ሦስተኛ ኩባያ የበሰለ ኪኑዋ፣ ሌላ ቀን በሚዛን የተለካ 80 ግራም እንጀራ ይስጧቸው፤ ሁለቱም 26 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አላቸው። ወጡ አንድ ዓይነት፣ ሰዓቱም አንድ ይሁን። ከምግብ በፊትና የመጀመሪያውን ጉርሻ ከጎረሱ ከ2 ሰዓት በኋላ ይለኩ። ለአብዛኛው አዋቂ የሚፈለገው ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ከምግብ በኋላ ከ180 በታች ነው። ሁለቱንም ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግመው ይሞክሩ፤ አንድ ቀን ብቻ ያሳስታል። ልዩነት ካልታየ እንጀራቸውን በልክ ይብሉ።

መራራነቱ የሚድን ነው። የኪኑዋ ፍሬ ልባስ ሳፖኒን የሚባል መራራ ነገር አለው፤ ተክሉ ራሱን ከወፍ የሚጠብቅበት ነው፤ በውኃ ሲታሽ እንደ እንዶድ አረፋ ያወጣል። «የታጠበ» ተብሎ የተሸጠውም ቢሆን እንደገና መታጠብ አለበት። ዓይኑ ጠባብ በሆነ ወንፊት ያድርጉት፣ በሰፊው ወንፊት ፍሬው ያመልጣል። በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር በእጅ እያሹ አረፋው እስኪጠፋ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ይጠቡት። አንድ ፍሬ ቀምሰው ከመረረ ይድገሙት።

ከዚያ ለአንድ ኩባያ ኪኑዋ ከአንድ ከሦስት አራተኛ እስከ ሁለት ኩባያ ውኃ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው። ሲፈላ እሳቱን ዝቅ አድርገው ከድነው 15 ደቂቃ ያብስሉ፤ ከእሳት አውርደው ክዳኑን ሳይከፍቱ 10 ደቂቃ ያቆዩትና በሹካ ይበትኑት። ፍሬው ጠርቶ ነጭ ቀለበት መሳይ ጭራ ሲወጣው በስሏል። ገንፎ ከሆነብዎ ውኃው በዝቷል፤ መሐሉ ከከረረ ሳይቆይ ተከፍቷል። አንዱ ኩባያ ሦስት ኩባያ ገደማ ስለሚሆን ቤተሰብ ካልበላው ለአንድ ሰው ብዙ ነው። ከበሰለ 2 ሰዓት ሳያልፈው ማቀዝቀዣ ይግባ፤ እስከ 4 ቀን ይቆያል።

ለአበሻ አፍ በጣም የሚቀርበው እንደ ቅንጬ መሥራት ነው፤ ቀይ ሽንኩርት በትንሽ ዘይት፣ ቃሪያ፣ ጥቁር አዝሙድ። በፍስክ ቀን ንጥር ቅቤ ከገባ አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ብቻ ከ100 ካሎሪ በላይ ይጨምራልና።

ስለ ሆድ መነፋቱ ሦስት ነገር ይጠረጠራል፦ በደንብ ያልታጠበው ሳፖኒን፣ በአንድ ጊዜ የበዛው አሰር፣ እና ራሱ ሜትፎርሚኑ። ለአንድ ሳምንት በቀን ሩብ ኩባያ ብቻ፣ በደንብ ታጥቦ፣ ውኃ ጨምረው ይሞክሩ፤ ከዚያ ቀስ እያሉ ይጨምሩ። መነፋቱ ከኪኑዋው በፊትም ከነበረ ሜትፎርሚኑን ከምግብ ጋር ይውሰዱት፣ ሐኪሙንም ቀስ ብሎ የሚለቀውን ዓይነት ይጠይቁ። ከበሉ በኋላ ሰውነታቸውን ካሳከካቸው፣ ሽፍታ ካወጣባቸው ወይም ከንፈራቸው ካበጠ ግን አለርጂ ነው፤ መብላቱ ይቁም።

ስለ ጾሙ ፕሮቲን፣ ኪኑዋን «ሙሉ ፕሮቲን» (አካላችን ራሱ ሊሠራቸው የማይችላቸው የፕሮቲን ክፍሎች ሁሉ ያሉት) የሚሉት እውነት ነው፤ ብዛቱ ግን መጠነኛ ነው። አንድ ኩባያ ኪኑዋ 8 ግራም ሲሰጥ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ይሰጣል፣ በዋጋውም እጅግ ይረክሳል። በጾም ጊዜ መሠረቱ ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ ይሁን፤ ኪኑዋው የእህሉን ቦታ ይያዝ። በውስጡ ያለውን ብረት ለማግኘት ሎሚ ይጨመቅበት ወይም ቲማቲም ይግባበት፤ ቡናና ሻይ ብረቱን ስለሚያግዱት ከማዕድ አንድ ሰዓት ይራቁ።

ኪኑዋ በሁለት ሰዎች ላይ ጥንቃቄ ይሻል። የኦክሳሌት (በአንዳንድ አትክልት ውስጥ ያለ፣ በኩላሊት ጠጠር የሚሠራ ንጥረ ነገር) ጠጠር ከኩላሊቱ የወጣለት ሰው በየቀኑ ባይበላው ይመረጣል፤ እንደ ዘመዱ ቆስጣ ኦክሳሌት አለበት። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ደግሞ በአንድ ኩባያ 318 ሚሊ ግራም ፖታሲየምና 281 ሚሊ ግራም ፎስፎረስ እንደሚገባው ይወቅ፤ በደማቸው ውስጥ ፖታሲየም ከፍ ለሚልባቸው ሰዎች ነጭ ሩዝ የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ አለ። 9 ዓመት ስኳር ያለበት ሰው የኩላሊቱን ሁኔታ ሳያውቅ አመጋገቡን መለወጥ የለበትም።

ለሐኪሙ ሲደውሉ ታዲያ አራት የላቦራቶሪ ውጤት ይጠይቁ፦ የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር፣ ክሬቲኒንና የኩላሊት የማጣራት አቅም፣ በሽንት ውስጥ የሚወጣውን አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን፣ እና ቫይታሚን ቢ12። የመጨረሻውን አይርሱት። ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ቢ12ን ይቀንሳል፤ ሥጋና ወተት የማይበላባቸው ረጅም ጾሞች ሲደመሩበት ደግሞ ይበልጥ ይጎድላል፤ ኪኑዋም ሆነ ጤፍ ቢ12 የላቸውም። እግራቸው ይደነዝዛል ወይም ያቃጥላቸዋል ካሉ ስኳሩ ነው ተብሎ ከመታለፉ በፊት ይህ ምርመራ መታየት አለበት፤ ጉድለቱ ከተገኘ በክኒን ወይም በመርፌ ይሞላል።