«ለውጭ ዜጋ አይከራይም»

ጥያቄ፦ ልጄ በጃፓን መንግሥት የትምህርት ዕድል ለሁለተኛ ዲግሪ ከሄደች አንድ ዓመት አለፋት። በተማሪዎች ማደሪያ የተፈቀደላት ጊዜ ስላለቀ ቤት ስትፈልግ ሦስት ጊዜ ተመልሳለች። ደላላው በአክብሮት አስቀምጧት ለአከራዩ ይደውላል፤ «የውጭ ዜጋ ናት» ሲል ትሰማዋለች፤ ከዚያም ስልኩን ዘግቶ፣ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ይጠይቃታል። በባቡርም ሰው ቆሞ እያለ ከአጠገቧ ያለው ወንበር ባዶውን እንደሚሄድ ነግራኛለች። ይህ በሕግ የተፈቀደ ነው? ልጄስ ዝም ትበል ወይስ ትናገር?

እናት፣ ከድሬዳዋ ከዚራ

መልስ፦ እናታችን፣ ይህ በልጅዎ ብቻ የደረሰ አይደለም። የጃፓን ፍትሕ ሚኒስቴር አስጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ ቀደም ባሉት አምስት ዓመታት ቤት ከፈለጉት የውጭ ዜጎች 39.3 በመቶ የሚሆኑት የውጭ ዜጋ በመሆናቸው እንደተከለከሉ ተናግረዋል። አከራዮች ብዙ ጊዜ የሚያነሡት ምክንያት ቋንቋ፣ የቆሻሻ አጣጣል ደንብና ተከራዩ ዕዳውን ሳይከፍል አገሩ ይገባል የሚል ስጋት ነው። ስጋቱ ይገባኛል፤ ይሁን እንጂ ጃፓንኛ መቻል አለመቻሏን እንኳ ሳይጠይቅ በስልክ «አይሆንም» ያለ ሰው የመለሳት በስጋት ብቻ ነው ለማለት ይከብደኛል።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ ጃፓን የዘር መድልዎን ለማስወገድ የወጣውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1995 ብትቀበልም፣ አከራይ ወይም ነጋዴ እንዲህ ያለ መድልዎ ሲፈጽም የሚቀጣ አጠቃላይ ሕግ አላወጣችም። የ2016ቱ የጥላቻ ንግግር ሕግም ቅጣት የለውም። ያም ሆኖ ፍርድ ቤት ሄደው የረቱ አሉ። በሃማማትሱ ከተማ ከአንድ የጌጣጌጥ መደብር እንድትወጣ የተደረገች ብራዚላዊት ከስሳ፣ ፍርድ ቤቱ በ1999 ያንኑ ስምምነት ጠቅሶ 1.5 ሚሊዮን የን ካሳ ፈርዶላታል። በኦታሩ ደግሞ «ለጃፓናውያን ብቻ» የሚል ማስታወቂያ የለጠፈ የፍልውሃ መታጠቢያ ቤት ለሦስት ከሳሾች ለእያንዳንዳቸው አንድ ሚሊዮን የን እንዲከፍል በ2002 ተፈርዶበታል። ከሦስቱ አንዱ የጃፓን ዜግነት ያገኘ ሰው ነበር፤ ማስረጃውን ቢያሳይም መልኩን ያዩ ሌሎች ደንበኞች ቅር ይሰኛሉ ተብሎ ከበር ተመልሷል። በክስ መርታት የሚቻለው ግን ጊዜና ጠበቃ ላለው ነው፤ ለፈተና የምትዘጋጅ ተማሪ በዚህ መንገድ እንድትጀምር አልመክርም።

የባቡሩን ወንበር ከዚህ ጋር አልደባልቀውም። በሐረር ጀጎል ውስጥ እንግዳ ሲያልፍ ልጆች «ፈረንጅ! ቻይና!» እያሉ ሲከተሉት ቆመን የሳቅን ጥቂቶች አይደለንም። ልጆቹ ክፋት የላቸውም፤ በየቀኑ የሚሰማው ሰው ግን ይሰለቻል። ባዶው ወንበርም እንዲሁ ያሰለቻል እንጂ ለክስ የሚበቃ አይደለም፤ ቤት መከልከል ግን ሰውን ደጅ ያሳድራል።

ስለዚህ ዝም አትበል። መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲዋን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ታነጋግር፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሪዎቻቸው የኪራይ ዋስ በማግኘት ይረዳሉ። ዩአር የሚባለው የመንግሥት ድርጅት የሚያከራያቸው ቤቶች ዋስም ሆነ «ሬይኪን» የተባለውን የማይመለስ ክፍያ አይጠይቁም፤ ሕጋዊ ነዋሪ ለሆነ የውጭ ዜጋም ክፍት ናቸው። የገቢ ወይም የቁጠባ ማስረጃ ስለሚፈልጉ የትምህርት ዕድል ደብዳቤዋን ይዛ ትጠይቅ። የተከለከለችበትን ቀንና የተባለችውን ጽፋ ብታስቀምጥ ደግሞ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ያሉት የሰብአዊ መብት አማካሪዎች በእንግሊዝኛም ያነጋግሯታል፤ አከራዩን የማስገደድ ሥልጣን ግን የላቸውም።

ብዙ የውጭ ተማሪዎች ደላላውን ገና ሲገቡ «የውጭ ዜጋ የሚቀበሉትን ብቻ አሳየኝ» ይሉታል። ጊዜ ስለሚቆጥብላት ልጅዎም እንዲሁ ብታደርግ ይሻላል፤ ይህን ለማለት መገደዷን ግን እኔም እንደ እርስዎ አልወደድኩትም።