ቦቴ መለካት የመሐንዲስ ሥራ ነው ወይ ብላ ለጠየቀችኝ ልጅ

«ጋሼ፣ አምስት ዓመት ኬሚካል ምሕንድስና ተምሬ ቦቴ ላይ እየወጣሁ ናፍጣ ልለካ ነው ወይ?» ብለሽ ጽፈሽልኛል። ጥያቄው ያንቺ ብቻ ስላልመሰለኝ እኩዮችሽም እንዲያነቡት እዚህ እመልሳለሁ።

በመጀመሪያ የምትገቢበት ቤት የምን ቤት እንደሆነ ልንገርሽ፤ አዲስ ተቀጣሪ ደመወዙን እንጂ የድርጅቱን ታሪክ ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም። የኢትዮጵያ ነዳጅ አቅራቢ ድርጅት ጉድጓድ አይቆፍርም፣ ድፍድፍ ነዳጅ አያጣራም። ያለቀለትን ነዳጅ ከውጭ ገዝቶ በጅቡቲ በኩል ያስገባል፤ ከዚያ ወዲያ አከፋፋዮቹ ለየማደያው ያደርሱታል። ቀድሞ ግን አገሪቱ የራሷ ማጣሪያ ነበራት። በሶቭየት ኅብረት እገዛ የተሠራው የአሰብ ማጣሪያ በ1959 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ በ1989 ዓ.ም. ተዘጋ። ለምን ተዘጋ ብለው የሚጠይቁኝ ሰዎች ፖለቲካውን ብቻ እንዳወራላቸው ይፈልጋሉ። ፖለቲካው አለበት። ነገር ግን ማጣሪያው ድፍድፉን አሙቆ በየእርከኑ ከመለየት አልፎ፣ ከታች የሚቀረውን ከባድ ነዳጅ ሰብሮ ናፍጣ የሚያደርግ ክፍል አልነበረውም። አገሩ ናፍጣ ይጠማል፤ ማጣሪያው ደግሞ ገበያ የማያገኝለት ጥቁር ከባድ ነዳጅ ይተርፈዋል፤ የተረፈውም ባሕር ተሻግሮ በርካሽ ይሸጣል። በመጨረሻ ያለቀለትን መግዛት ከማጣራት ረከሰ። በዓመቱ ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሣ የአሰብ መንገድ ራሱ ተዘጋና ቦቴዎቹ በሙሉ ፊታቸውን ወደ ጅቡቲ አዞሩ።

የማጣሪያው ባለሙያዎች በየቦታው ተበተኑ። አንዱ እኔ ወደምሠራበት የነዳጅ ማከማቻ ዴፖ መጡ፤ ዴፖውን ስሙን አልጠራውም። እኛ «አሰቤው» እንላቸው ነበር። የአዲስ አበባን ብርድ ፈጽሞ አልለመዱትም፤ በግንቦት ካፖርት ለብሰው ሻይ በአራት ማንኪያ ስኳር ይጠጣሉ። አሰብ ላይ ቀን የቧንቧ መዝጊያ በባዶ እጅ የሚነካ ሰው እንዳልነበረ ሲያወሩ የሚናፍቁት ይመስሉ ነበር።

ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ አላባራ ብሏል። ከጅቡቲ 42,000 ሊትር ናፍጣ የጫነ ቦቴ ደረሰ። ጋኑ በመንገድ እንዳይከፈት የሚታሰሩት ማኅተሞች እንዳሉ ናቸው። ወጣሁ፣ ክዳኑን ከፈትኩ፣ ውኃ ሲነካው ቀለሙን የሚለውጠውን ቅባት በመለኪያው ዘንግ ጫፍ ቀብቼ ወደ ታች ሰደድኩ። ውኃ የለም። እርጥቡ የደረሰበትን መሥመር አነበብኩ፣ ዘንጉን በጨርቅ ጠረግኩና ለማረጋገጥ ደገምኩ። የቦቴውን ሌሎች ክፍሎችም እንዲሁ ለክቼ፣ የዘንጉን ንባብ ወደ ሊትር በሚለውጠው ሰንጠረዥ ስደምረው 41,380 ሊትር ሆነ። 620 ሊትር ጎድሏል። ሹፌሩ በልጆቹ ማለ። ማኅተሙን እያሳየ «ከየት አወጣሁት?» አለ። አለቃችን «ጉድለት ጉድለት ነው» ብለው ፈረሙ። ለመኪናው ባለቤት ደብዳቤ ተጻፈ፤ ባለቤቱም እዚያው ቁልፉን ተቀብሎ ለሌላ ሹፌር ሰጠ። ረዳቱ፣ ገና ጢም ያላወጣ ልጅ፣ የሹፌሩን ብርድ ልብስና የሻይ ማፍያ ከጋቢናው አውርዶ በፌስታል ይዞ ተከተለው።

አሰቤው ያን ሳምንት ፈቃድ ላይ ነበሩ። ተመልሰው ወረቀቱን ሲያዩ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሙቀቱስ?» ሙቀቱ ተጽፏል። ቅጹ ላይ ዓምድ አለው፤ ሁላችንም በየቀኑ እንሞላዋለን፣ ማንም አያነበውም። ጅቡቲ ሲጫን 41 ዲግሪ፣ እኛ ዘንድ ሲለካ 24። ከወረቀቱ ጀርባ በእርሳስ አሰሉት፦ ናፍጣ በአንድ ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር ከ10,000 ሊትር ላይ 8 ሊትር ገደማ ይሸሻል፤ በ42,000 ሊትር 35 ገደማ፤ ለ17 ዲግሪ 595። የቀረው 25 ሊትር በጋኑ ግድግዳና በዘንጉ ንባብ መካከል የሚጠፋ ነው። ማንም አልሰረቀም። ነዳጁ በክብደቱ ያው ነበር፣ በርዶት ተሰበሰበ እንጂ።

የማስተካከያ ደብዳቤ ወጣ። ሹፌሩ ግን አልተገኘም፤ በመተማ መሥመር እህል ይጭናል የሚል ወሬ ሰማሁ፣ ከዚያ በኋላ ጠፋ። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ የጻፍኩት ቁጥር በሙሉ ትክክል መሆኑ ነው። ዘንጉ አልዋሸም፣ እኔም አልዋሸሁም፤ ሰውየው ግን እንጀራውን አጣ። ሊትርን ከዲግሪ ጋር አገናኝቶ የሚያነብ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ፈቃድ ላይ።

እንግዲህ የመሐንዲስ ሥራ ነው ወይ ላልሽው መልሴ ይኸው ነው። የአሥረኛ ክፍል ትምህርት የነበረን ሰዎች እንሠራው ነበር፣ ውጤቱንም ነገርኩሽ። እናንተ የዛሬ ልጆች ኮምፒውተሩ ያወጣውን ቁጥር እንደ ወንጌል ታምናላችሁ ብዬ ልቆጣ ነበር፤ ግን እኛስ ዘንጉን መች ተጠራጠርነው? የጅቡቲውን የመጫኛ ወረቀት ሳታዪ ጉድለት ብለሽ አትፈርሚ። ሙቀቱንና ጥግግቱን፣ ማለት አንዱ ሊትር ስንት እንደሚመዝን፣ ጠይቂ። ሲጋራና ስልክ ጋን አጠገብ እንደማይቀርብ ለመሐንዲስ አልነግርም።

ቢያንስ ጥቂት ዓመት ዴፖ ቆዪ። ይህን ብዬ ሳልጨርስ ደግሞ የጋዙ ቦታ ካሉብ ትዝ አለኝ። ቴኔኮ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1960ዎቹ አጋማሽ ኦጋዴን ውስጥ እዚያ ጋዙን አገኘ፤ በደርግ ዘመን ሶቭየቶች ቆፈሩ፤ ከዚያ ኩባንያ በኩባንያ ላይ ሲፈራረቅ እኛ አረጀን። በሰኔ 2010 ዓ.ም. ከዚያው ከኦጋዴን፣ ከሂላላ፣ የሙከራ ድፍድፍ ሲወጣ እልል ያልነው ብዙ ነን፤ ወዲያው ደግሞ ዝም አለ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ግን የካሉብ ጋዝ ፋብሪካ ተመረቀ። ጓደኞችሽ ሁሉ ዓይናቸው እዚያ መሆኑን አውቃለሁ። ከጠሩሽ ሂጂ፤ ቆዪ ያልኩሽን እርሺው። እዚያም ቢሆን ጋዙን ፈሳሽ ለማድረግ ከዜሮ በታች ወደ 162 ዲግሪ ያወርዱትና መጠኑን 600 ጊዜ ያህል ያሳንሱታል፤ የሙቀት ዓምዱን የሚያነብ ሰው ከእኛ ይልቅ ያስፈልጋቸዋል።

ስለ ደመወዙ የጠየቅሽውን የዛሬውን ስለማላውቅ እዚያው ያሉትን ጠይቂ። የአደጋ አበል መኖር አለመኖሩን ግን ውሉን ከመፈረምሽ በፊት በጽሑፍ አስነግሪ።