ለዘመን መለወጫ ዋዜማ ኮንሰርት አዲስ አበባ ሄጄ ባድር ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? የምኖረው ሐዋሳ ነው፤ 24 ዓመቴ ነው፤ በሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪት ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው ባንድ ጳጉሜን 5 ማታ አዲስ አበባ ኮንሰርት አለው። አንድ ቀን እንኳ በአካል አይቼው አላውቅም። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሦስት ሆነን ትኬት ቆርጠናል፤ ሁለቱ ወንዶች ናቸው። የሚያልቀው ሌሊት ስለሆነ ፔንሲዮን ሁለት ክፍል ይዘን አድረን በማግሥቱ እንመለሳለን። ኮልፌ አክስት አለችኝ፣ ግን እሷ ቤት ማምሸት አይታሰብም። አልጠጣም፣ አልጨፍርም፣ ቆሜ መስማት ብቻ ነው የምፈልገው። በፍልሰታ ቆርቤያለሁ። ኃጢአት ይሆንብኛል? (እናቴ እንዳትጨነቅ ለራጉኤል ንግሥ እንደምሄድ ነው የነገርኳት።)

መልስ፦ እኅቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። ብዙዎች ሄደው ከመጡ በኋላ ነው የሚጠይቁት።

አንዳንድ ወንድሞች እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ገላትያ 5፥21ን ያነቡና ይጨርሳሉ፤ «ዘፋኝነት» ከሥጋ ሥራ ተቆጥሯል፣ አለቀ። እኔ ግን እንዲህ በቀላሉ አልሸኝሽም፤ ነገ መጽሐፍ ቅዱስሽን ገልጠሽ 2ኛ ሳሙኤል 6 ላይ ዳዊት በታቦቱ ፊት «ይዘፍን ነበር» የሚለውን ስታገኚ ምን ልትዪ ነው? በግእዝ «ዘፈነ» ማለት ዘለለ፣ አሸበሸበ፣ ጨፈረ ማለት ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በገላትያም በሮሜ 13፥13ም የተጠቀመበት የግሪኩ ቃል ደግሞ «ኮሞስ» ነው። ከግብዣ በኋላ ሞቅ ያላቸው ሰዎች ችቦ ይዘው፣ እየዘፈኑ፣ በመንገድ እየተንጋጉ የሚያድሩበት ፈንጠዝያ ነበር። የሮሜውን አንብቢው፤ «በቀን እንደምንሆን» ብሎ ነው የሚጀምረው። ዜማው ብቻውን ሳይሆን ሌሊቱና ስካሩ ተያይዘው ነው የተነቀፉት።

ይህን ስል ደስ እንዳይልሽ፤ ኮንሰርቱ የሚወድቀው ከዚህ ውስጥ ነውና። በሩ በአሥራ ሁለት ሰዓት ይከፈታል ይባላል፣ አንቺ የምትጠብቂው ባንድ መድረክ ላይ የሚወጣው ከሌሊቱ አምስትና ስድስት ሰዓት ላይ ነው። እስከዚያ ቢራው ይሸጣል። አትጠጪም፣ አምንሻለሁ። አልጨፍርም ያልሽውን ግን ይቅርታ አድርጊልኝና አላመንኩሽም። ዘማሪት ነሽ፤ ከበሮ ሲመታ ትከሻሽ ዝም እንደማይል ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። (እኔም የካሴት ዘመን ሰው ነኝ። ክሩ ሲላላ በእስክሪብቶ እያጠነጠንኩ ያደግሁ ስለሆነ ሙዚቃ መውደድሽ አያስደነግጠኝም።)

አባቶቻችን ነገሩን በሠርግ ሳይቀር ተነጋግረውበታል። የሎዶቅያ ሲኖዶስ 53ኛው ቀኖና ምእመናን ሠርግ ሲጠሩ በልክ በልተው እንዲመለሱ፣ ጭፈራ ውስጥ እንዳይገቡ ያዛል። 54ኛው ካህናቱን ተጫዋቾቹ ሳይገቡ ተነሥታችሁ ውጡ ይላል። ሠርጉን አልከለከሉም፤ ከማዕዱ የሚነሡበትን ሰዓት ነው የወሰኑት።

አሁን ወደ ቀኑ ልምጣ፤ እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ጳጉሜን 5 የማን ዋዜማ ነው? እኛ እንቁጣጣሽ የምንለውን ቀን ቤተ ክርስቲያን የምትጠራው በቅዱስ ዮሐንስ ነው። በማግሥቱ፣ መስከረም 2፣ ስንክሳሩ፣ የየዕለቱ የቅዱሳን ታሪክ መጽሐፍ፣ የሚያነብልን የመጥምቁን አንገት መቆረጥ ነው። እንዴት ተቆረጠ? ሄሮድስ የልደቱን ግብዣ አድርጎ ሰው ሞልቶ ሳለ የሄሮድያዳ ልጅ ገባችና፣ የማቴዎስ 14፥6 ቃል ነው፣ «በመካከላቸው ዘፈነች»። ንጉሡ ደስ አለው፣ ማለ፣ መሐላውም አሰረው። ልጅቷ ወደ ግብዣው ስትገባ የሰው ራስ በወጭት ይዛ እወጣለሁ ብላ አላሰበችም ይሆናል። ያን ሌሊት እንዲህ ባለ ድግስ አሳልፈሽ ጠዋት በቅዱስ ዮሐንስ ቅዳሴ ላይ «እንኳን አደረሳችሁ» ብለሽ ልትዘምሪ ነው? ደግሞ የት? ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ፔንሲዮን የገባ ሰው ለቅዳሴ አይነሣም። ከቆረብሽ ደግሞ ሃያ ቀን እንኳ አልሞላሽም።

ስለ ማደሪያው አጭር ነገር ልበል። ሁለት ክፍል ይዘናል ብለሻል። በበዓል ዋዜማ፣ በዚያ ሰዓት ስትደርሱ እንግዳ ተቀባዩ «አንዱ ተይዟል፣ ያለው ይኼ ነው» ቢላችሁ ወዴት ትሄጃለሽ? ባልደረቦችሽን አልጠረጠርኩም። ሌሊት ላይ ምርጫ የሌለው ሰው ቦታ ራስሽን አታስቀምጪ ነው የምልሽ።

ስለዚህ ምክሬ አትሂጂ ነው። ኮንሰርት የሄደ ሁሉ ጠፋ ማለቴ አይደለም፤ ያም ቢሆን ከንስሐ አባትሽ ጋር ቁጭ ብለሽ የምትነጋገሪው ነው፤ ቀኖና የሚሰጡት እሳቸው ናቸው፣ እኔ አይደለሁም።

በቅንፍ ያስገባሻት ግን ከጥያቄሽ ሁሉ ትከብዳለች። ስለ ኮንሰርቱ ኃጢአት ነው ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ፤ ስለ ውሸቱ አልጠየቅሽም። ያውም የመልአኩን ስም ሽፋን አድርገሽ! እናትሽ ይህን ጊዜ «ለእኔም ሻማ አብሪልኝ» ብላ ብር ሰጥታሽ ይሆናል።

እንዲህ አድርጊ። የነገርሻትን እውነት አድርጊው። መስከረም 1 መርካቶ ራጉኤል ይነግሣል፤ አክስትሽ ያለችው ኮልፌ ነው፣ ቅርብ ነው። እሷ ቤት እደሪ፣ በሌሊት ነጠላችሁን ለብሳችሁ አብራችሁ ሂዱ፣ አስቀድሱ፣ ጠበል ይዘሽ ተመለሺ። ትኬቱን ለባልደረቦችሽ ስጪያቸው፤ ለዋዜማ የሚገዛ አያጡም። መኪናውን ግን ጳጉሜን 4 ቀን ያዢ፤ በ5 የሐዋሳ መናኸሪያ አይቻልም።